ያ ስዕል ለምን አያነጋግርም? ስለ ቤት ሠራሽ ኢንተርኮም ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከሁለት ሳምንት በፊት የጎረቤታችን ልጅ የጫማ ካርቶን አቅፎ ወደ ቤቴ መጣ። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች፣ ኤልኤም 386 የተባለው ድምፅ አጉሊ አይሲ (ቺፕ) የተበየደበት ሰሌዳ፣ ከአሮጌ ቴፕ የተነቀለ ማይክሮፎንና የተጠቀለለ የመብራት ሽቦ ነበር። «ጋሼ፣ ልክ ጽሑፉ እንደሚለው ነው የሠራሁት፤ ግን ከጉርምርምታ በቀር የሚሰማ ነገር የለም» አለኝ። አያቱ የሚያድሩት በግቢው ጥግ ባለው ሰርቪስ ቤት ነው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ሌሊት አንድ ነገር ሲፈልጉ ያላቸው አማራጭ መጣራት ብቻ ነው። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ደግሞ እንኳን ከ25 ሜትር ከአጠገብ የሚጣራም አይሰማም። ልጁ ይህን አይቶ ነው ኢንተርኮም፣ ማለትም ከቤት ቤት በሽቦ የሚያነጋግር መሣሪያ፣ ልሥራ ብሎ የተነሣው።

የተከተለውን ጽሑፍ አሳየኝና አነበብኩት። ጸሐፊው ከወዳደቀ ዕቃ ኢንተርኮም መሥራት እንደሚቻል ይገልጻሉ፣ ስዕል ያቀርባሉ፣ ማይክሮፎኑን ስለ መግጠም ምክሮች ይሰጣሉ። በአንድ ነገር ከእርሳቸው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ማይክሮፎን ለመግዛት ገበያ መውጣት አያስፈልግም። ከተበላሸ ቴፕ፣ ከአሮጌ የገመድ ስልክ፣ ከተጣለ የኮምፒውተር ማዳመጫ የሚነቀለው የአተር ፍሬ የሚያህል ማይክሮፎን ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ከዚህ በኋላ ግን መንገዳችን ይለያያል። ጽሑፉን ተከትለው ካርቶን ያቀፉ ሌሎች ልጆች እንደሚኖሩ ስለምገምት ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ጸሐፊው የሚጀምሩት ኤሌክትሬት ማይክሮፎን (ያ የአተር ፍሬ የሚያህለው) የራሱ ቋሚ ቻርጅ ስላለው ኃይል አያስፈልገውም፣ ሁለቱን እግሮቹን በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ (ድምፅ አጉሊው) መግቢያ ጋር ማገናኘት ይበቃል በማለት ነው። ቻርጁ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጄምስ ዌስትና ጌርሃርድ ሴስለር በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ይህን ማይክሮፎን ሲሠሩ ትልቁ ድላቸው በቀጭን የፕላስቲክ ፎይል ላይ ለዓመታት የማይለቅ ቻርጅ ማሳደር መቻላቸው ነበር። ከዚያ በፊት የዚህ ዓይነት ማይክሮፎን ፎይሉን ቻርጅ የሚያደርግ ከፍተኛ ቮልቴጅ ከውጭ ይፈልግ ነበር፤ እነርሱ ከዚያ ገላገሉት። ጸሐፊው የሳቱት ቀጥሎ ያለውን ነው። ፎይሉና ከጀርባው ያለው ብረት አንድ ላይ የሚሆኑት በጣም ትንሽ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) ነው፤ 10 ፒኮፋራድ ገደማ ብንለው ለ1,000 ኸርዝ (በሴኮንድ 1,000 ጊዜ ለሚርገበገብ) ድምፅ የሚያሳየው ተቃውሞ 16 ሚሊዮን ኦም ይደርሳል። የኤልኤም 386 መግቢያ 50,000 ኦም ነው። ሁለቱን ፊት ለፊት ብናጋጥማቸው ከሲግናሉ የሚተርፈው ከሦስት መቶ አንድ እጅ አይሞላም። የማይክሮፎኑ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ እዚያችው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከፎይሉ ጀርባ፣ አንዲት ትራንዚስተር ይጨምራሉ። ይህች ትራንዚስተር የፎይሉን ደካማ ቮልቴጅ ወደ ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ለውጥ ትመልሰዋለች። ከፎይሉ በተለየ ግን እርስዋ ያለ ምግብ አትሠራም። ስለዚህ ያ የአተር ፍሬ ማይክሮፎን ብቻ አይደለም፤ ግማሽ አምፕሊፋየር ነው። ሌላው ግማሽ ከውጭ ሊገጠምለት ይገባል፤ በጽሑፉ ስዕል ላይ የጎደለው እርሱ ነው።

የሚገርመው ሁለተኛው ምክር ነው፤ የመጀመሪያውን ያፈርሰዋልና። ድምፅ ካልመጣ የ9 ቮልት ባትሪ በቀጥታ ከማይክሮፎኑ ሁለት እግሮች ጋር ያገናኙ ይላሉ። ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡት ደግሞ አሮጌውን ስልክ ነው፤ ባትሪ፣ ማይክሮፎንና ማዳመጫ በአንድ ቀለበት ተያይዘው ያለ ምንም አምፕሊፋየር ሰው ያነጋግሩ እንደነበር ያስታውሱናል።

ያነጋግሩ ነበር፤ ማን ይክዳል። ነገር ግን በዚያ ከባድ ጥቁር እጀታ ውስጥ የነበረው የካርቦን ማይክሮፎን ነው። የከሰል ቅንጣቶች በድምፅ ሲጨመቁ ተቃውሟቸው ይቀንሳል፣ ሲላሉ ይጨምራል፤ በውስጣቸው የሚያልፈው በአሥር ሚሊአምፒር የሚቆጠር ከረንት አብሮ ይወዛወዛል። የካርቦን ማይክሮፎን ራሱ እንደ ቧንቧ መዝጊያ ነው፤ ኃይሉን የሚሰጠው ባትሪው ነው። የኤሌክትሬት ማይክሮፎን ከረንት 0.3 ሚሊአምፒር አካባቢ ነው፤ ከዚያ ከመቶ አንድ እጅ ቢሆን ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት በቅሎንና ብስክሌትን ሁለቱም ይጋለባሉ ብሎ አንድ ማድረግ ነው።

ባትሪውን በቀጥታ ማገናኘት ማይክሮፎኑን ብዙ ጊዜ አያቃጥለውም፤ ውስጡ ያለችው ትራንዚስተር ከረንቱን ራስዋ ትገድበዋለች። ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ምንም አይቃጠልም፣ ምንም አይጨስም፣ ድምፅ ግን የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በድምፅ ምክንያት የሚወዛወዘው ከረንት ነው፤ አምፕሊፋየሩ የሚፈልገው ግን የሚወዛወዝ ቮልቴጅ ነው። ባትሪ ደግሞ ሥራው ቮልቴጁ እንዳይወዛወዝ አድርጎ መያዝ ነው። በባትሪውና በማይክሮፎኑ መካከል ሬዚስተር (ከረንትን የሚቃወም ዕቃ) ስናስገባ የከረንቱ ለውጥ በሬዚስተሩ ላይ የቮልቴጅ ለውጥ ሆኖ ይታያል። በ4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር ላይ የአንድ ማይክሮአምፒር ለውጥ 4.7 ሚሊቮልት ይሆናል፤ በሬዚስተር አልባው ግንኙነት ደግሞ ዜሮ። በልጁ ካርቶን ውስጥ የጎደለው ሌላው ግማሽ ይህች ሬዚስተር ነበረች።

መጠኗን በተመለከተ አንድ ቃል ልጨምር፤ ይህን ያወቁ ሰዎችም ሲሳሳቱ አያለሁና። «ትልቅ ሬዚስተር ትልቅ ድምፅ» ብለው 47 ኪሎኦም ያስገባሉ። 0.3 ሚሊአምፒር በ47 ኪሎኦም ውስጥ ሊያልፍ ቢል 14 ቮልት ይበላል፤ ባትሪው ያለው 9 ነው። ትራንዚስተሯ በረሃብ ትሞታለች። ለ9 ቮልት ከ2.2 እስከ 10 ኪሎኦም ያለው ሁሉ ይሠራል፤ እኔ 4.7 እወዳለሁ። እዚህ ላይ ደግሞ ልጁን ያስደነገጠ ነገር ተፈጠረ። ሬዚስተሯን ገጥመን ባትሪውን ስናገናኝ ስፒከሩ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ ማለት ጀመረ። ይህ የሚሆነው ማይክሮፎኑና አምፕሊፋየሩ ከአንድ ባትሪ ሲመገቡ ነው። ስፒከሩ ኃይል በሳበ ቁጥር የባትሪው ቮልቴጅ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ዝቅታው በሬዚስተሯ በኩል እንደ ድምፅ ተቆጥሮ ወደ አምፕሊፋየሩ ይገባል፣ አምፕሊፋየሩም መልሶ ይስባል። መድኃኒቱ ከባትሪው ቀጥሎ 1 ኪሎኦም፣ ከዚያ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ ኔጌቲቩ፣ ከዚያ 4.7 ኪሎኦሟ፣ ከዚያ ማይክሮፎኑ ነው። ካፓሲተሩ እንደ ውሃ በርሚል መሆኑ ነው፤ ቧንቧው ቢቆራረጥም ከበርሚሉ የሚቀዳው አይቋረጥም። በ100 ኸርዝ ላይ ብቻ እንኳ መወዛወዙን ከ60 ጊዜ በላይ ያሳንሰዋል። ለማይክሮፎኑ የሚደርሰውም 7 ቮልት ከምናምን ነው፤ አይርበውም።

የማይክሮፎኑ ሁለት እግሮች አቀማመጥ ለውጥ የለውም፣ እንደ አምፖል በፈለጉት በኩል ይግጠሙት ማለታቸውም ትክክል አይደለም። ጀርባውን ገልብጦ ማየት ነው፤ ከሁለቱ መርገጫዎች አንዱ በቀጭን የመዳብ መስመር ከውጭው ቆርቆሮ ጋር ተያይዟል። ኔጌቲቩ እርሱ ነው። ተገልብጦ ከተገጠመ ድምፁ ይታፈናል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ቆርቆሮው ከኔጌቲቩ ጋር መያያዙን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ድምፁ ካነሰ ሌላ ኤልኤም 386 ከፊት ይጨምሩ የሚለውን ምክር በአጭሩ ልለፈው። አይሲው በራሱ 20 ጊዜ ያጎላል፤ በእግር 1 እና በእግር 8 መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሲገባ 200 ጊዜ። በትክክል የተመገበ ማይክሮፎን ከአፍ በአራት ጣት ርቀት ላይ ሲናገሩበት አንድ ሁለት ሚሊቮልት ይሰጣል፤ 200 ጊዜ ሲጎላ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በደንብ ይሰማል። ሁለት አይሲዎችን ስናከታትል ማጉላቱ 4,000 ይሆናል፤ ከመስመሩ የለቀማት የአንድ ሚሊቮልት ጉርምርምታም 4 ቮልት ትሆናለች። እህሉ ካልተበጠረ ወፍጮ እብቁን አይለይም፤ አብሮ ይፈጨዋል።

ስለ ሽቦው የጻፉት ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ በከፊል ልክ ናቸው። በሽቦ መረብ የተሸፈነ ኬብል የነጋዴ ማታለያ ነው፣ ተራ የመብራት ሽቦ ይበቃል ይላሉ። በስዕላቸው ላይ ግን አምፕሊፋየሩ ትልቁ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ማይክሮፎኑ በረጅም ሽቦ ማዶ ይገኛል። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ሚሊቮልት የያዘ ሽቦ 25 ሜትር ሙሉ 220 ቮልት ከተሸከመ የመብራት መስመር ጎን ለጎን በግድግዳ ላይ ይሄዳል። የመብራታችን ሞገድ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ልጁ ጉርምርምታ ያለው ይህንኑ ነው። ብዙዎች እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥማቸው ወደ ተሸፈነው ኬብል ይሮጣሉ። ኬብሉ ይረዳል፤ ገንዘቡ ግን ከልጁ ኪስ ነው የሚወጣው። እኔ ያደረግሁት ሌላ ነው። አምፕሊፋየሩን ከሽቦው ማዶ አንሥቼ ከማይክሮፎኑ ጎን፣ በሁለት ጣት ርቀት ላይ፣ አስቀመጥኩት። አሁን ረጅሙ ሽቦ የሚሸከመው ሚሊቮልት ሳይሆን ስፒከር የሚያንቀሳቅስ የጎላ ሲግናል ነው። ጉርምርምታው በዚያ ላይ ቢደረብም በ8 ኦም ስፒከር ፊት ጉልበት የለውም። ግማሽ ሚሊሜትር ካሬ ውፍረት ያለው ሽቦ ደርሶ መልስ 50 ሜትር ሲሆን ተቃውሞው 1.7 ኦም ገደማ ነው፤ ከድምፁ የሚበላው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጸሐፊው የመከሩት ተራ ሽቦ በትክክል ይበቃል፤ ስዕላቸው ተገልብጦ ከተሣለ።

ይህ አቀማመጥ ሁለት አምፕሊፋየር ይጠይቃል፤ አንዱ በአያት በኩል፣ አንዱ በልጁ በኩል። ከሥራው ባሕርይ አንጻር ግን ውድ አይደለም። በእያንዳንዱ በኩል ሲጫኑት ብቻ የሚሠራ፣ ሲለቁት የሚመለስ ቁልፍ አለ፤ ቁልፉ ባትሪውን ለዚያ አምፕሊፋየር ይሰጣል። የሚናገረው ይጫናል፣ ድምፁ ማዶ ባለው ስፒከር ይወጣል። ማንም በማይናገርበት ሰዓት የሚበላ ኃይል የለም። አይሲው ዝም ብሎም 4 ሚሊአምፒር ስለሚስብ ቀንና ሌሊት ተከፍቶ ቢውል 500 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለውን ትንሽ የ9 ቮልት ባትሪ በአምስት ቀን ይጨርሰዋል፤ በስድስት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ይህ ግን ለወራት ይዘልቃል ብዬ እጠብቃለሁ።

ጸሐፊው በማይክሮፎኑና በአምፕሊፋየሩ መካከል 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይግባ፣ ድምፁ ወፍራም ይሆናል ማለታቸውም እዚህ ላይ ይከሽፋል። እንዲህ ያለ ካፓሲተር በ10 ኪሎኦም ቮልዩም በኩል እስኪሞላ ሴኮንዶች ይወስዳል፤ አያት ቁልፉን ተጭነው ስሙን ጠርተው ሲጨርሱ መስመሩ ገና መከፈቱ ነው። ለንግግር ከ300 ኸርዝ አካባቢ በታች ያለው ድምፅ ባይኖር ምንም አይጎድልም፤ የስልክ መስመር ዕድሜውን ሙሉ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ባለው ክልል ሲያነጋግረን ኖሯል። እኔ 0.047 ማይክሮፋራድ አስገባሁ፤ ወዲያው ይሞላል፣ ከ50 ኸርዙ ጉርምርምታም ከአምስት አንድ ያህሉን ብቻ ያሳልፋል። ካፓሲተሩን ፈጽሞ መተው ግን አይቻልም፤ የማይክሮፎኑ 7 ቮልት በቀጥታ ወደ አይሲው መግቢያ ይገባና አምፕሊፋየሩን ያፍነዋል።

ፉጨቱን በተመለከተ ቮልዩም ቀንሱ ብለው አልፈውታል። ፉጨት የሚመጣው የስፒከሩ ድምፅ ወደ ማይክሮፎኑ ተመልሶ፣ እንደገና ጎልቶ፣ እንደገና ሲመለስ ነው፤ የእርሳቸው ስዕል ማይክሮፎንና ስፒከርን በሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ ክፍት አድርጎ ስለሚተው ቮልዩሙ እስኪጠፋ ቢቀነስ እንጂ አይቀርም። የኛ ቁልፍ ይህንንም ያስቀራል ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት አያት ቁልፉን ተጭነው ጠሩ፤ ልጁ ደስታው አላስችል ብሎት ሮጦ የራሱን ተጭኖ «አቤት እማማ!» ሲል ግቢው በፉጨት ተናወጠ። እርሳቸው መልሱን ለመስማት ብለው ቁልፉን ይባስ አጥብቀው ይዘውታል። ሁለቱም ቁልፎች ከተጫኑ ቀለበቱ ይዘጋል፤ ይህን ሳላስብበት መቅረቴ የኔ ጥፋት ነው። አሁን ተናግረው ሲጨርሱ «በቃ» ብለው ይለቃሉ፤ ልጁም «በቃ» ሳይባል ቁልፉን አይነካም።

ይህ ሁሉ ቢሳሳት ጉዳቱ የባትሪ ድንጋይና የአንድ ከሰዓት በኋላ ድካም ነው። የጽሑፉ የመጨረሻ ምክር ግን እንዲህ አይደለም። ጸሐፊው የባትሪ ወጪ ለመቀነስ በሚል ያለ ትራንስፎርመር፣ በአንድ ካፓሲተርና በጥቂት ዳዮዶች (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ዕቃዎች) ብቻ፣ ከ220 ቮልቱ ሶኬት በቀጥታ 9 ቮልት የሚያወጣ ስዕል አቅርበዋል፤ ፊውዝ ስላለው አያሰጋም ብለዋል። ልጁ ዕቃዎቹን ገዝቶ ነበር። ያልገጠመው ጉርምርምታው ስላስጨነቀው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ሰርኪውት ሰው በማይነካው አምፖል ውስጥ ታሽጎ ይሠራል። በኢንተርኮም ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ኃይሉን የሚገድበው ካፓሲተር ያለው ከሁለቱ የመብራት ሽቦዎች በአንደኛው ላይ ብቻ ነው፤ ሌላኛው ሽቦ በቀጥታ የሰርኪውቱ ኔጌቲቭ ይሆናል። የእኛ ባለ ሁለት እግር መሰኪያ ደግሞ በፈለጉት በኩል ተገልብጦ ይገባል፤ ዛሬ ኒውትራል (የማይነዝረው ሽቦ) የነበረው ነገ ተነቅሎ ሲሰካ ፌዝ (220 ቮልቱን የተሸከመው) ነው። እንግዲህ በልባችሁ ያዙት ያልኳችሁ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። የማይክሮፎኑ ቆርቆሮ ከኔጌቲቩ ጋር አንድ ነው። ከአያቱ ከንፈር በአራት ጣት ርቀት ላይ ያለው ብረት፣ የስፒከሩ ሽቦ፣ የቁልፉ ብሎን ሁሉ 220 ቮልት ይሆናል ማለት ነው። ፊውዙ አያድናቸውም። ሰውን ለመግደል በአሥር የሚቆጠር ሚሊአምፒር ይበቃል፤ የ1 አምፒር ፊውዝ ያንን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ክረምት ነው፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ አያት በባዶ እግራቸው ናቸው።

ከመብራት መጠቀም የፈለገ የታሸገ፣ ትራንስፎርመር ያለው አስማሚ ይግዛ። ለኛ የባትሪ ድንጋዩ በቅቶናል። ስለ ሬዚስተሩ፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ካፓሲተሩ ጸሐፊው መልስ ቢኖራቸው በደስታ አነባለሁ፤ የተሳሳትኩበት ካለም እታረማለሁ። ያንን የመጨረሻ ስዕል ግን መልስ ከመጻፋቸው በፊት፣ ዛሬውኑ፣ ከጽሑፋቸው እንዲያወጡት እጠይቃለሁ።